ፍሪጅ ውስጥ ያደረው እምነት አይደለም

ጋሼ ፍቅሬ፣

ያ በብልቃጥ ያለው አፈር የገዳም እምነት አይደለም! ፍሩትቬል ካለው አሮጌ ነዳጅ ማደያ፣ ተቀብሮ የነበረው የነዳጅ ታንከር ከወጣበት ጉድጓድ ሥር የቆፈርኩት ሳምፕል ነው። መሬቱ ተመርዞ እንደሆነ ሊመረመር ነበር፤ የሕፃናት መዋያ ሊሠራበት ነው። ትናንት ሚልፒታስ ያለው ላብራቶሪ ተዘግቶብኝ ነው እዚህ ፍሪጅ ውስጥ ያሳደርኩት።

«ቅዝቃዜ ውስጥ ይቆይ፣ የሰው እጅ እንዳይነካው» ስልዎት የተባረከ መሰለዎት? ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ?

ማሸጊያውን ቀደው ጉልበትዎን አሹበት። ማሸጊያው ከተቀደደ ላብራቶሪው እንዴት ይቀበለኛል? ጉድጓዱን ደግሞ ሠራተኞቹ ዛሬ ጠዋት ይደፍኑታል። ሌላ አፈር ለማውጣት እየበረርኩ ነው።

ጉልበትዎን በሳሙና ደጋግመው ይጠቡ። ካቃጠለዎት ወዲያው ኮል ያድርጉልኝ። ለቤተ ክርስቲያን ሰው አካፍለው ከሆነም ዛሬውኑ ይሰብስቡ!

በአማርኛ ጽፌ ብለጥፍበት ኖሮ... ተዉት።

እኔንም ተኝቼ ግንባሬን እንደቀቡኝ ያወቅኩት ጠዋት መስታወት ሳይ ነው። ሁለተኛ እንዳይነኩኝ!

መጸለይዎ ካልቀረ፣ ጉድጓዱን ሳይደፍኑት እንድደርስ ይጸልዩልኝ።

አቤሴሎም