ከድልድዩ ማዶ

ለተወደድከው ወንድሜ ክሊዮፈስ፣

ዲትሮይት ላይ አንተም ልጆችህም እንደምን ከረማችሁ? እኔ ጌታ ይመስገን አለሁ፤ ቀሚሶቼ ሁሉ እየሰፉኝ ማጥበብ ብቻ ሆኗል ሥራዬ።

እዚህ አላባማ አገራችን ከዓመት ዓመት ባዶ እየሆነ ነው። ወጣቱ ሁሉ እንዳንተ ሄዷል። ወደ መቃብራችን የሚያሻግረው ድልድይም አርጅቶ ከባድ መኪና እንዳያልፍበት ተከልክሏል። ባለፈው ሳምንት ዲያቆን ቴርሰልን ስንቀብር አስከሬን የጫነው መኪና ወዲህ ቀረ። ሳጥኑን በትከሻ ማሻገር ነበረብን፤ ወንድ ስላነሰ እኛ አሮጊቶቹ ገባንበት። መሀል ላይ ደክሞን ድልድዩ ላይ አሳረፍነው፤ ይቅር ይበለን።

እሁድ ደግሞ ለካውንቲው ምክር ቤት የሚወዳደረው ሰውዬ ቤተ ክርስቲያን ድረስ መጣና፣ «እማማ ኢዶራ፣ ከመረጡኝ ድልድዩን አሠራዋለሁ» አለኝ።

«አባትህም ሲወዳደር ይህንኑ ነበር ያለን። ይልቅ ጎረምሳ ልጆች አሉህ?» አልኩት።

ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ጥጡ ሳይለቀም ብትመጣ ደስ ይለኛል። ልጆቹንም ሁሉንም አምጣቸው፤ ድልድዩ በዝናብ ያዳልጣልና የማያንሸራትት ጫማ ያድርጉ።

ዓይንህን ለማየት ያብቃኝ።

እህትህ ኢዶራ