ሞተሬን የተዋሰኝ ሰው

ጥቅምት 16 ቀን 1989

ቅዳሜ፤ የአሶሳው ቢሮ ዝግ። ሞተሯን ከማንጎው ጥላ ሥር አቁሜ ካርቡራቶሯን አጠብኩ። ከአዲሱ ክልላችን በዕድሜ ትበልጣለች። የትምህርት ቤቶች ሱፐርቫይዘር ሳለሁ ከባምባሲ ቶንጎ ያመላለሰችኝ እሷ ናት። ሚኒሞዋን አስተካከልኩላት፤ ጋዝ ሳልሰጣት ቀስ ብላ፣ ሳትጮኽም ሳትጠፋም መቆም ቻለች።

ለፑንቲናው፣ እሳት ለሚሰጠው ክፍል፣ የሲጋራ ወረቀት ፍለጋ ዐወድ ሱቅ ሄድኩ።

«ያ ኡስታዝ! በሽምግልና ማጨስ ጀመርክ?»

ገበያተኛውን ሁሉ አሳቀብኝ። ሰውየው ወረቀቷ ለምን እንደምትሆን ያውቃል፤ ግን ቀልዱን አይተውም። በፑንቲናው ከንፈሮች መካከል ትገባለች፤ ሞተሩን በእጅ ሳዞር ወረቀቷ የላላችበት ቅጽበት እሳቱ የሚፈነጥቅበት ነው። ያም በምስማር ከጫርኩት ምልክት ላይ ሊውል ይገባል። እሳቱ አለጊዜው ከቀደመ የማስነሻ መርገጫው ወደ ኋላ ተመልሶ ይመታል፤ እግር ይሰብራል። ይህን ለኦልጅራ ያስተማርኩት እኔው ነኝ፤ አብረን ሱፐርቫይዘር ሳለን።

ከሰዓት በኋላ እሱ ራሱ መጣ። ባምባሲ ደርሶ ለመመለስ ተዋሰኝ። ሞተር የሚዋሰኝ ሰው ፊቴ ያስነሣል፤ የቆየ ደንቤ ነው። አስነሥቶ ሄደ።

ጥቅምት 17

ኦልጅራ ሞተሯን እየገፋ መለሳት። «ቤንዚን አልቆብኝ ነው፣ ኦቦ ዳበሳ።» ሲመልስም ፊቴ ማስነሣት ነበረበት... በእሑድ ምን አጨቃጨቀኝ ብዬ ተውኩት።

ማክሰኞ ቶንጎ። የክልሉ ኮሚቴ አዲሱ አዳሪ ትምህርት ቤት ቶንጎ ወይስ ባምባሲ ይሠራ የሚለውን ይሰማል። ለቶንጎ ሰዎች «ከእናንተ ጋር ቆሜ እናገራለሁ» ብያለሁ። ቃሌን ይጠብቃሉ።

ጥቅምት 22

በጀርባዬ ተኝቼ ነው የምጽፈው። ማክሰኞ ማለዳ መርገጫዋን ስረግጥ መልሳ መታችኝ። ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ። ጸሐይነሽ ጩኸቴን ሰምታ ሊጥ በእጇ ይዛ ወጣች። ባለቤቴ እንዲህ ስጮኽ ሰምታኝ አታውቅም።

ቶንጎ አልሄድኩም። ዛሬ የሰማሁት ደግሞ ከስብራቱ ይብሳል። ኦልጅራ በስብሰባው ተነሥቶ፣ «ዳበሳ መንገዱ ሰልችቶታል፤ ከእንግዲህ በቶንጎ ጉዳይ አታስቸግሩኝ ብሏል» አለ አሉ። ኮሚቴው ወደ ባምባሲ አዘንብሏል። ኦልጅራ ሱቅ ሊሠራበት ያጠረው መሬት ያለው እዚያው ነው።

እኔ? እኔ ሰለቸኝ?

ኅዳር 8

በምርኩዝ ተደግፌ ግቢ ወጣሁ። የሞተሯን ሽፋን ከፈትኩ።

ምልክቴ ከቦታው ሸሽቷል። በብሎኖቹ ራስ ላይ አዲስ የካቻቢቴ ጭረት አለ። በራሱ ላልቶ ይሆን? አይደለም... ብሎኖቹ ጥብቅ ናቸው። ሰው ፈትቶ፣ አዙሮ፣ መልሶ አጥብቋቸዋል። እኔ ካስተካከልኩ በኋላ የነካት አንድ ሰው ብቻ ነው።

እየገፋ የመጣው ለካ ለዚህ ነው! ፊቴ ላለማስነሣት።

ለጸሐይነሽ ነገርኳት። «ለጌታ ስጠው» አለችኝ።

«እሰጣለሁ። በኋላ።»

ታኅሣሥ 3

ብከሰው ምን ይዤ? ጭረት አፍ አውጥቶ አይመሰክርም። «አንተው ነህ ያበላሸኸው» ቢለኝስ?

ዛሬ ፑንቲናውን በልኬ አስተካከልኩ። ከዚያ ተቀምጬ አሰብኩ... ከዚያም ብሎኖቹን ፈትቼ ፑንቲናውን ኦልጅራ ያኖረበት ቦታ ላይ መልሼ አሰርኩት። አንድ ቀን መዋሱ አይቀርም። ይርገጣት።

ደስ አለኝ። ለጸሎት ስንበረከክ ግን ቃል ጠፋኝ።

ታኅሣሥ 5

አፈረስኩት። ከርኅራኄ አይደለም፤ ለራሴ ስጽፍ ምን ያዋሸኛል? የኦልጅራ እግር ቢሰበር ሰው ሙዝና ስኳር ይዞ ቤቱ ይሰለፋል። ያዝኑለታል። እንዲያዝኑለት አልፈልግም። እንዲያዩት ነው የምፈልገው።

ወረቀቷን አስገብቼ ፑንቲናውን ከምልክቴ ጋር ገጠምኩ። ሽፋኑን ዘጋሁ። አሁን እጠብቃለሁ። መጠበቅ ከቢሮ ሥራዬ ሁሉ ይልቅ የተካንኩበት ነው።

የካቲት 14

ዛሬ ሆነ። ሳይረሳኝ ልጻፈው።

የቶንጎ ተወካዮች አሶሳ፣ ቢሮአችን ግቢ ገብተዋል፤ ከኮሚቴው ጋር የባምባሲውን ቦታ ሊያዩ። ወይዘሮ ኢቲዳል ከፊት ናት። ምርኩዜን ሳታይ ጀመረችኝ።

«አንተ ቶንጎ ጠላህ አሉን። እውነት ነው?»

«ቆይተሽ ትሰሚያለሽ፣ እመቤቴ።»

መኪናው ሞላ። ኦልጅራ ቀድሞ ደርሶ ቦታውን እንዲያሳይ ተፈልጓል። ለወራት የጠበቅሁት ይህንኑ ነው። «የእኔን ሞተር ውሰድ» አልኩት፣ በሁሉም ፊት። እምቢ የሚልበት ምክንያት አልነበረውም። «ደንቤን ታውቃለህ፤ እዚሁ አስነሣ።»

ሞተሯ አጠገብ ቆመ። መርገጫዋን አየ። ከዚያ ምርኩዜን አየ።

«ሽፋኑን ልክፈትና ፑንቲናውን ልየው...»

«የተዋሰ ሰው ሽፋን ይከፍታል? ስትወስዳት ከፍተህ ነበር እንዴ?»

ኢቲዳል ሳቀች። «አንተ ኦልጅራ! ብረት ነው፤ እባብ አይደለም። ርገጥ!»

እግሩን አነሣ። አወረደ። ላቡ እስከ አገጩ ወረደ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ቀስ ያለ መሰለው፤ ግን ግቢው ዝም ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማ።

«ዳበሳ... ወደ ቦታው መለስከው?»

«ምኑን?»

የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ «ምኑን ነው የሚመልሰው?» ብለው ጠየቁ። ኦልጅራ ከሞተሯ ራቅ አለ። ኢቲዳል ምርኩዜን አየች፣ ሞተሯን አየች፣ እሱን አየች። «ያ ሰላም...» አለች። ሳቋ ከፊቷ ጠፋ።

ምርኩዙን ለእሷ ሰጠኋት። በተሰበረው እግሬ ረገጥኩ፤ በአንዱ ምት ተነሣች። ጋዝ ሳልሰጣት፣ ቀስ ብላ፣ ሳትጮኽ።

ባምባሲ የሄደ ሰው አልነበረም። ሰብሳቢው፣ «መጀመሪያ ይህን ነገር እንጨርስ» ብለው ሁላችንንም ወደ አዳራሽ መለሱን።

መጋቢት 20

ቶንጎ ደርሼ ተመለስኩ፤ በሞተሯ። ኮሚቴው ትምህርት ቤቱን ለቶንጎ ወስኗል፤ መሬቱ ሲለካ ከኢቲዳል ጋር ቆሜ አየሁ። እግሬ በዝናብ ቀን ያመኛል። ሐኪሙ ሁልጊዜም ያምሃል ብሎኛል።

ዛሬ ከዐወድ ሱቅ ወረቀት ስገዛ ኦልጅራ ለሳሙና ገባ። ዐወድ በርጩማ ስቦ ሰጠው። ሊቀመጥ ሲል ከበር በኩል አንዱ፣ «ቆይ! መጀመሪያ ጠይቅ እንጂ! ወደ ቦታው ተመልሷል?» አለው። ሱቁ በሳቅ ተሞላ። አሶሳ ውስጥ ወንበር በተሳበለት ቁጥር ይህንኑ ይሉታል አሉ።

ኦልጅራ አልተቀመጠም። ዞሮ አየኝ። «ተዉት» እንድል ነበር የጠበቀው። አንድ ቃል ብናገር ይሰሙኝ ነበር።

ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።