ሰባተኛዋ ሰሌዳ

ሰኞ

ዝናቡ ሳይቀድመኝ ጨረስኩ። ዘጠኝ ሰሌዳ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ከአንድ ሰፈር ጫፍ እስከ ጫፍ። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ሰሌዳውን መሬት ላይ አስቀምጣለሁ፣ መሃሉ ላይ የጂፒኤሱን ዘንግ አቁሜ ቦታውን እለካለሁ፣ ከዚያ ማንም እንዳይነካው እጸልያለሁ። ረቡዕ አውሮፕላን ከላይ ፎቶ ያነሳል። ፎቶው ካርታ የሚሆነው ከእነዚህ ሰሌዳዎች ጋር ሲገጥም ነው። አንዷ ውልፍት ካለች ካርታው ይዋሻል።

ብቻዬን የተሰጠኝ የመጀመሪያ ሥራ ነው። ኮንትራቴ በወሩ መጨረሻ ያልቃል። ይታደሳል ወይ ብዬ አለቃዬን ፒተርን ስጠይቀው «እናያለን» አለኝ። ሆላንዶች እንዲህ ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

የምታሳስበኝ ሰባተኛዋ ናት። ስሎተርቫርት በሚባለው መንደር፣ ፎቅ ቤቶቹ ፊት ለፊት፣ ሣር ላይ ናት። ከሥር የኤሌክትሪክ ገመድ ስላለ በሚስማር መምታት ተከልክሏል። ልጆችም ኳስ ይጫወቱበታል። ጎንበስ ብዬ ስለካ ከምድር ቤት መስኮት «አንቺ ልጅ፣ ሐበሻ ነሽ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጋሽ ተፈራ ይባላሉ። ጡረተኛ ናቸው፣ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። የምሠራውን አስረዳኋቸውና «እንግዲህ ጋሼ፣ አደራ፣ ይቺን ይጠብቁልኝ» አልኳቸው። ደስ አላቸው። እኔም ቀለል አለኝ።

ማክሰኞ

ሰሌዳዎቹን ዞሬ አየሁ። ሦስተኛዋ ላይ ውሻ ተጸዳድቷል። አምስተኛዋ ላይ አንዱ ብስክሌቱን አቁሟል። ጠረግሁ፣ ብስክሌቱን ገፋሁ፣ ሰውየው መጥቶ ተቆጣ። ሰባተኛዋ ጥርት ብላ ተቀምጣለች። ጋሽ ተፈራ ከመስኮታቸው እጃቸውን አነሱልኝ። ሁሉም ሰሌዳ እንደሷ ጠባቂ ቢኖረው ብዬ ተመኘሁ።

ረቡዕ

ሰማዩ ተከፈተ። አውሮፕላኗ ስትመላለስ ትራም ፌርማታ ላይ ቆሜ አንገቴ እስኪያመኝ አየኋት። ፎቶዎቹ እስኪመረመሩ ሰሌዳዎቹ ባሉበት ይቆዩ ተባልኩ፤ ምናልባት ድጋሚ ሊበረር ይችላል።

ሐሙስ፣ ሮተርዳም ቢሮ

ስምንቱ ከፎቶው ጋር ግጥም አሉ። ሰባተኛዋ አንድ ስንዝር ያህል ወጣ አለች።

ፒተር ስክሪኑን ትንሽ አየና «ዘንጉን ቀጥ አድርገሽ አላቆምሽውም» አለ። አልጮኸም፤ ዝናብ እየጣለ ነው እንደሚል ሰው ነው የተናገረው። ቀጥ አድርጌ ነበር። ቆይቼ ግን እኔም ተጠራጠርኩ። የካርታው የጥግ ነጥብ ስለሆነች ሰርዞ ማለፍ አይቻልም። ነገ ሄደሽ እንደገና ለኪ ተባልኩ።

ስመለስ ባቡሩ ዴን ሃግ ጣቢያ ላይ ብዙ ቆመ። ፈርቻለሁ። እዚህ ብጽፈው ማንም አያይም።

ዓርብ

በጠዋት ስደርስ ሣሩ ላይ ሰሌዳ የለም። ወዲያው የምድር ቤቱ በር ተከፈተና ጋሽ ተፈራ ካፖርት ደርበው፣ ሰሌዳዋን በብብታቸው ይዘው ወጡ።

«ዛሬስ ቀደምሽኝ» አሉ። «ማታ ማታ አስገባታለሁ። እዚህ ሰፈር በሰንሰለት የታሰረ ብስክሌት እንኳ አያድርም። ጠዋት ሣሩ የተኛበትን አይቼ እመልሳታለሁ፤ ቦታዋን ስቼ አላውቅም።»

ለሆላንዳዊ ጎረቤት ጠብቅልኝ ብለው በመስኮት አይቶ ይበቃዋል። እኔ ግን አደራ ነው ያልኩት። ጥፋቱ የኔ ነው። አንድ ስንዝር እንደሳቱ አልነገርኳቸውም።

አጠገቡ የመኪና ማቆሚያ ነጭ መስመር አለ። ማዕዘኑ ፎቶው ላይ በደንብ ይታያል፤ መስመር ደግሞ ማታ ቤት አይገባም። በሰሌዳዋ ፈንታ እሱን ለክቼ ላክሁና ለፒተር ደውዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። «ለምን ያስገቡታል?» አለ። ሰው የራሱን ዕቃ ቢያጣ ይሻለዋል፣ የሰው አደራ ከሚጠፋበት፣ ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። «ሁለተኛ ማንንም አትጠይቂ» አለና ሰኞ ጠዋት ስለ ኮንትራቱ እንነጋገር ብሎ ዘጋ። መስመሩ እንደገጠመ ቆይቶ በአጭሩ ጻፈልኝ።

ሰሌዳዋን ተረክቤ ልሄድ ስል ጋሽ ተፈራ «እንግዲህ ወደ ሆስፒታል ልደውል» አሉ። ትናንት የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው። ለወራት የጠበቁት ነው። ቀሩ።

«ለምን ጋሼ?»

«ማን ጋ ትቻት ልሂድ?»

ስልኩን ተቀብዬ እኔው ደወልኩ። ቀጠሮ የምትይዘው ሴትዮ መጀመሪያ ክፍት ያለው ቀን ከክረምቱ በኋላ ነው አለች። አጥብቄ ለመንኳት። ከሰዓት በኋላ መልሳ ደወለች፤ ሰው ስለቀረ ሰኞ ጠዋት ይምጡ፣ ዓይናቸው ላይ ጠብታ ስለሚደረግ ግን የሚመልሳቸው ሰው ያስፈልጋል አለች። ሌላ ሰው የላቸውም።

ቅዳሜ

ለፒተር ጻፍኩለት። ሰኞ ጠዋት አልመጣም፣ ሰባተኛዋን ሰሌዳ የጠበቁትን ሰው ሆስፒታል እወስዳለሁ አልኩ። ሌላ ምክንያት መፈለግ እችል ነበር። መልእክቱን አንብቦታል፤ መልስ የለም።

ማታ ጋሽ ተፈራ ደወሉ።

«አትቀሪም አይደል?»

«አልቀርም ጋሼ።»

«አደራ» አሉኝ።