የማይወርደው ብሬከር

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ከረምሽ? ልጅሽ ካይሳ ሳሉ ተሻላት? እኛ ብርዱ እንዳለ ሆኖ ተመስገን፣ አለን። አባትሽ ውሎው ከአልጋ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ አልጋ ነው። የኦክስጅን ማሽኑ ቀን ከሌት ያጓራል፤ ጆሮዬ ለምዶታል።

ለገና ልጆቹን አታምጪ ስልሽ እንደከፋሽ ስልኩን ስትዘጊብኝ ገብቶኛል። ምክንያቱን ያልነገርኩሽ አባትሽ አጠገቤ ተቀምጦ ስለነበር ነው።

ቅጠል በሚረግፍበት ሰሞን ከምድር ቤት የተቃጠለ ዓሣ የመሰለ ሽታ መጣ። ዓሣ ከገዛን ቆይተናል። ዶሪንን ጠራኋት፤ አብራችሁ የተማራችሁት፣ ዛሬ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናት። የመብራት ሳጥኑን ከፍታ ስታየው ፊቷ ተለዋወጠ። ማሞቂያውንና ውሃ ማፍያውን አንድ መስመር ላይ ሰክታ ለቀቀቻቸው። ገመዱ ጋለ፤ መብራቱን መቁረጥ ያለበት ብሬከር ግን ንቅንቅ አላለም።

«እማማ፣ ይሄኮ ጭነት ሲበዛበት መውረድ ነበረበት። ይሄ ቤቱ እየነደደም አይወርድም» አለችኝ።

አባትሽ ለካ ከላይ ይሰማል! «በገዛ እጄ የገጠምኩትን፣ ይቺ ትናንት ንፍጧን የጠረግንላት ልታስተምረኝ? ስሞት ቀይሩት!» ብሎ ጮኸባት። ዶሪንም አትተኛለት፣ «እሳቱ ካልቀደመዎት ነዋ አባባ!» አለችው።

ከዚያ የጎረቤታችን የሌምፒ ቤት ተቃጠለ። ከኛ ቤት ጋር አንድ ሰሞን የተሠራ፣ ሳጥኑም አንድ ዓይነት። ምሳ ላይ ነበርን። ሌምፒን በብርድ ልብስ አድርገው ሲያወጧት ፊቷንም ሸፍነውት ነበር። አባትሽ በመስኮት አየና ማንኪያውን አስቀመጠ። «ጥሪያት ያቺን ልጅ» አለኝ።

ደስ አለኝ፤ ምን ዋጋ አለው። ዶሪን መጥታ ግድግዳውን በሳ አየችው። ሳጥኑ ብቻ አይደለም፤ የውስጡ ገመድ ሽፋኑ ሲነኩት ይፈረፈራል። ግድግዳው ሁሉ ሳይፈርስ አይቀየርም፤ እስኪያልቅ ደግሞ ቤቱ ያለ መብራት፣ አባትሽም ያለ ማሽኑ ነው። «አባባን ሆስፒታል አስገቢያቸውና ልሥራው» አለችኝ። ሐኪሙን ጠየቅኩ። በዚህ ሳንባ ከተነሳ መንገዱንም አይችለው፣ ቢገባም አይወጣም አለኝ። አባትሽ ይህን ሲሰማ፣ «እንግዲያው ከዚህ አልጋ አታንሱኝ» አለ።

አሁን ከእሱ ክፍል በቀር ማሞቂያውን ሁሉ ነቅያለሁ። ካፖርት ለብሼ አበስላለሁ። በየሰዓቱ ምድር ቤት እየወረድኩ ሳጥኑን በመዳፌ እዳብሳለሁ፤ ሲግል አንዱን መብራት አጠፋና እስኪበርድ ደረጃው ላይ እቀመጣለሁ።

ፎቶዎቻችሁን ከግድግዳ አውርጄ፣ የክርስትና ቀሚስሽን ጨምሬ በፖስታ ልኬልሻለሁ። አባትሽ ባዶውን ግድግዳ አይቶ «ልጆቹን የት አደረስሻቸው?» አለኝ። አቧራ ላራግፋቸው ነው አልኩት። ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንቺስ መቼ ነው የምትሄጂው?» አለኝ።

«የሸሚዝህን ቁልፍ ማን ይቆልፍልሃል፣ አንተ ሽማግሌ?» አልኩት። እጄን ይዞ አልለቅ አለ።

ካይሳን አንገቷ ሥር ሳሚልኝ። ፈጣሪ ቤትሽን ሙቀት አያሳጣው፤ ልጆችሽ እንደወጡ በደህና ይግቡልሽ። ለእኛ ብለሽ መንገድ እንዳትጀምሪ።

እስከ መጨረሻው የምትወድሽ
እናትሽ