ምድጃው ሲጠፋ የተቋረጠው የባለቤቴ ንግግር

ለሸማቾች ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ኩዎፒዮ
ኖቬምበር 18 ቀን 2024

ጉዳዩ፦ አምራቹ አገልግሎቱን በማቋረጡ አልበራ ያለውን የሳውና ምድጃችንን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፤

እኔ አመልካች ሂልካ ፔንቲነን የላፒንላህቲ ነዋሪና ጡረተኛ ስሆን፣ ከባለቤቴ ከአቶ ኦይቫ ጋር አርባ አንድ ዓመት በትዳር ኖሬያለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን ለማንም መሥሪያ ቤት አቤት ብዬ አላውቅም። ሰው ማስቸገር አልወድም፤ አሁን ግን ባሰብኝ።

1. የዛሬ አራት ዓመት ደህናውን የእንጨት ምድጃችንን ለጎረቤታችን ለአቶ ኡርሆ ሰጥተን፣ በስልክ የሚታዘዝ አዲስ ምድጃ ገዛን። ማብሪያ የሚባል ነገር የለውም። ሻጩ "ማብሪያ እኮ ድሮ ቀረ፣ እትዬ" ሲለኝ እኔም ሞኟ ደስ አለኝ።

2. ኩባንያው ምድጃውን የሚያዝበትን አገልግሎት ሴፕቴምበር 28 ቀን ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዘጋ። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ በዚያ ሰዓት አገሩ በሙሉ ሳውና ገብቶ በእንፋሎት ውስጥ ራቁቱን መሆኑን የማያውቅ ኩባንያ ለፊንላንድ ሰው ምድጃ ባይሸጥ ይሻለዋል። አስቀድመን አስታውቀናል ይላሉ። እውነት ነው፤ ማስታወቂያው ስልኬ ላይ ስድስት ጊዜ መጥቶ፣ ስድስቱንም ጊዜ ሳላነብ "እሺ" የሚለውን ነክቻለሁ። ጥፋቴን አልደብቅም።

3. ባለቤቴ ቁም ነገር የሚናገረው ሳውና ውስጥ ብቻ ነው። ላግባሽ ያለኝም እዚያው ነው። በዚያ ቅዳሜ ምድጃው ላይ በጋለው ድንጋይ ውሃ ቸለስ አድርጎ፣ "ስሚ ሂልካ፣ ሳስበው የከረምኩት ነገር አለ፤ እኔና አንቺ እኮ..." እንዳለ ምድጃው ጠፋ። እሱም አፉን ገጠመ። በተከታዮቹ ሦስት ቅዳሜዎች፣ ቅዳሜ ስለሆነ ብቻ፣ ፎጣ ለብሰን በብርዱ ቁጭ ብለናል። ማዕድ ቤት ውስጥ ብጠይቀው "እዚህ?" አለኝ፤ ነውር የተናገርኩ ያህል አፈርኩ።

4. በመጨረሻ ለኩባንያው ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ "እማማ፣ ምድጃው እኮ ምንም አልሆነም፤ የተቋረጠው አገልግሎቱ ነው" አለችኝ። "ታዲያ በምን ላብራው?" አልኳት። "አይ፣ እሱማ አይበራም" አለች።

5. ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ኦይቫ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ኡርሆ ዘንድ፣ በገዛ አሮጌ ምድጃችን እየሞቀ፣ ፊቱ ቀልቶ ይመለሳል። እኔ ከወንዶቹ ጋር አልገባም። ኦይቫ ምን እንደነገረው ኡርሆን ብጠይቀው "ሳውና ውስጥ የሰማሁትን ደጅ አላወራም፤ ይህን አጥተሽው ነው?" ብሎ ሳቀብኝ። ታሞ ይሆን? ቤቱን ሊሸጥ ይሆን? በዚህ ዕድሜ ሊተወኝ ይሆን? ክቡር ሆይ፣ ፈርቻለሁ።

ስለዚህ ኩባንያው ምድጃው በእጅ የሚበራበትን መንገድ እንዲያበጅልን፣ ካልሆነም ነቅሎ ወስዶ ማብሪያ ያለው እንዲተክልልን፣ ይህም ከገና ዋዜማው ሳውና በፊት እንዲፈጸም ያዙልኝ ዘንድ በትሕትና አመለክታለሁ። የገዛሁት ምድጃ ነው እንጂ የአራት ዓመት ሙቀት አይደለም።

ዕቃው በሁለታችን ስም ስለሆነ ባለቤቴም አንብቦ ከታች ይፈርማል።

ከአክብሮትና ከቀዝቃዛ ሰላምታ ጋር
ሂልካ ፔንቲነን (ፊርማ)

በባለቤቴ እጅ የተጨመረ፦ የጻፈችው ልክ ነው። ነገሩ ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም ደስ ይላታል ብዬ አስባለሁ። ግን ሙቀት ይፈልጋል። እባክዎ ቶሎ ይበሉልን፤ ልረሳው ነው።
ኦይቫ ፔንቲነን (ፊርማ)