ለወፍጮ ቤቴ በር ስለተገዛው ርካሽ ሽጉጥ

ለተከበሩ የቀበሌያችን የጸጥታ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ከብትዎ፣ አዲሱ መኪናዎም ደኅና ናቸው? እኔ ተረፈች፣ ከሰበታ ወደ ተጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ወፍጮ ቤት ያለኝ ባልቴት፣ ድካም ከመጫጫኑ በቀር ደኅና ነኝ። በግልጽ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ ቢሮዎ ድረስ መመላለሱ ስላቃተኝ፣ በተመላለስኩበትም ጊዜ ያገኘሁት ወንበርዎን ብቻ ስለሆነ ነው።

ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ምክርዎ። በ2008 ዓ.ም. የገበሬውን መሬት ወደ ከተማ የሚያስገባው ማስተር ፕላን ሰዉን አስቆጥቶ መንገዱ በየጊዜው ሲዘጋ፣ ንብረት ያለንን ሰብስበው መንግሥት በየሰዉ ደጃፍ ፖሊስ ሊያቆም እንደማይችል፣ ስለዚህ ፈቃድ እያወጣን መሣሪያ ብንገዛ እንደሚበጀን አስረድተውናል። የወፍጮ ቤቴ ጥበቃ ኦቦ ኢተፋ እስከዚያ ቀን ድረስ ከዱላና ከፊሽካ በቀር ምንም አልነበራቸውም፤ አንድ ቁና እህል እንኳ ጠፍቶባቸው አያውቅም። ለካስ ያን ሁሉ ዘመን የኖርነው በአደጋ ላይ ኖሯል።

ሁለተኛ፣ በስተርጅና ስለ ሽጉጥ እንድማር ስላደረጉኝ አመሰግናለሁ። ወንድሜ ሳህሉ ፈቃድ ያለው ሻጭ ዘንድ ወሰደኝ። ሻጩ ሁለት አቀረበልኝ፤ አንዱ ሙሉ ብረት፣ ከባድ፣ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ሲሆን ሌላው አካሉ ፕላስቲክ፣ ዋጋውም የዚያኛው ግማሽ ነው። ፕላስቲኩን አንስቼ ሳየው የውኃ ጀሪካን የያዝኩ መሰለኝ።

«ይሄ ስንት ዓመት ያገለግላል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ስንቴ ሊተኩሱበት አስበዋል?»

«አንድም ቀን።»

«እንግዲያውስ ዕድሜ ልክዎን ያገለግልዎታል» አለኝ፤ ሳህሉ ሳቀ፣ እኔ ግን አልሳቅሁም። ብረቱን ብገዛ ያለቀውን የወፍጮ ድንጋይ መለወጥ አልችልም። ድንጋዩ እንጀራዬ ስለሆነ ርካሹን መረጥሁ። ኦቦ ኢተፋ ገና በሳምንቱ ከወንበር ላይ ጣሉትና እጀታው ተሰነጠቀ። በኤሌክትሪክ ቴፕ ጠቀለልነው። ደንቡን አክብሬ ስብራቱን ላስመዘግብ ብመጣ፣ የእርስዎ ጸሐፊ «መያዙ ብቻ ያስፈራል» ብሎ መለሰኝ። እውነቱን ነው፤ እኔን ያስፈራኝ ነበር።

ሦስተኛው የሆነው መንገዱ በጎማ ጭስ የጠቆረ ዕለት ነው። ከላይ እያስተጋባ የሚመጣ ሕዝብ ሰማሁና ሽጉጡን ከመሳቢያ አወጣሁ፤ እጀታውን ስጨብጥ ቴፑ ተላጠ። ኦቦ ኢተፋ አይተውኝ «እትዬ፣ እሱን ነገር ያስቀምጡት፤ በእጅዎ ያዩት እንደሆነ ነው የሚገቡት» አሉኝ። ከዚያ እኔ ሁለት ጊዜ የቆለፍሁትን በር ከፈቱና ወጥተው ቆሙ። «አካም ጅርቱ» ብለው፣ እንደ ገበያ ሰላምታ፣ ሕዝቡን ሰላም አሉት። በኦሮምኛ ምን እንዳሏቸው ከውስጥ ሆኜ ሰምቻለሁ፤ ከተጂና ከመናገሻ የመጣ እህል እንዳለ፣ ባለቤቶቹም እናቶቻቸው እንደሆኑ ነበር የነገሯቸው። ከፊት የነበረው ወጣት በእጁ ድንጋይ እንደያዘ ቆመ። ኋላ ውኃ ጠየቀ። ውኃ ሰጠናቸው፣ ሄዱም። እኔ ጆንያ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ።

አራተኛ ብዬ የምቆጥረውን በአጭሩ ልበል፤ ደከመኝ። ሰዎችዎ መጥተው ሽጉጡንም ኦቦ ኢተፋንም ወሰዱ። ጥፋታቸው ከአድመኞች ጋር ሲነጋገሩ መታየታቸው ነበር። መርማሪው «መሣሪያ ተሰጥቶህ ሳለ ለምን አልተኮስክም?» ብሎ ሲጠይቃቸው የመለሱት «ማንን?» ብቻ ነው። ይህን የነገረችኝ ባለቤታቸው ገለቴ ናት፤ እርሷ ስንቅ ይዛ በየቀኑ ስትመላለስ ጫማዋ አልቆ በእኔ ነጠላ ጫማ መሄድ ጀምራ ነበር። ከፋሲካ በፊት የገቡ ሰው ክረምቱ ከገባ በኋላ ወጡ።

ሽጉጡንም በዚያው ዕለት መለሱልኝ። ዘይት ተቀብቶ፣ ተወልውሎ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነበር፤ ስለ አያያዝዎ እጅግ አመሰግናለሁ። ኦቦ ኢተፋ ግን በአንድ ጆሯቸው አይሰሙም፤ ሌሊቱን ሁሉ ያስላቸዋል። ሥራቸው እንደሚጠብቃቸው ብነግራቸው «እትዬ፣ ከእንግዲህ በር መጠበቅ ይቅርብኝ» ብለው ከገለቴ ጋር ተጂ፣ ወንድማቸው ዘንድ ገቡ። ሲሳፈሩ የሸኘኋቸው እኔ ነበርሁ፤ ስለ መንገዱ ጭቃ አወራሁ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ምሕረት ወይም ካሣ አልጠይቅም። መጠየቄ ጥፋት ካልሆነ ሰውየው ምንም እንዳላጠፉ በቃልዎ እንዲነግሯቸው ብቻ እለምናለሁ፤ በቀኛቸው በኩል ሆነው ይናገሩ፣ የሚሰማው የቀኝ ጆሯቸው ነው።

በእርስዎ ጥበቃ ሥር ውዬ ለማደር የበቃሁ፣ ለሹመትዎ ዘወትር ከወንበሬ የምነሣ፣ ታዛዥዎ

ተረፈች

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሽጉጡን ከነፈቃዱ በዚህ ደብዳቤ አምጪ በኩል አስረክቤአለሁ። በትናንትናው ዕለት ሳልፍ በቢሮዎ አጥር ዙሪያ የአሸዋ ጆንያ ሲደረደር አየሁና፣ እኔ ሕዝቡን ከፈራሁት ይልቅ እርስዎ እኛን እንደሚፈሩ ገባኝ።