ነጥብ አይባከንም

ማርች 4

ለፈተናው ልመዘገብ ሄጄ ግማሽ ቀን ተገተርኩ። ቅጹ ላይ የአባቴ ስም ከልደት ወረቀቴ ጋር አልገጠመም ተባለ... ነገ ተመለሽ። ገና በር ሳልገባ እማዬ፣ "ፋርማሲ የሚያስገባውን ዘርፍ ነው አይደል የሞላሽው?"

አዎ እሱን ነው። የደን ጥናትም እዚያው ዘርፍ ውስጥ ስላለ። ይሄን ግን አልነገርኳትም። ለምን?

ማርች 16

እሁድ ምሳ። ጾም ስለሆነ ባቄላ ሾርባ። አጎቴ ስቴርዮስ መጣ። ትሪካላ ከተማ ውስጥ ፋርማሲ አለው፣ ልጅ የለውም።

ወደ እኔ እየጠቆመ፣ "አሲሚና አቴንስ ተምራ ትመለሳለች፣ ትረከበኛለች። እኔም አርፋለሁ።"

እንደ ቀልድ፣ "ደን ብማርስ?" አልኩ።

ሳቁብኝ። እማዬማ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ደን እኮ በአሥር ሺህ ነጥብ ይገባል። አንቺ አሥራ ስምንት ሺህ የምታመጪ ልጅ! ነጥብ ይባከናል እንዴ?"

ነጥብ ወተት ነው እንዴ፣ ካልተጠጣ የሚበላሸው? አባባ ወደ ሾርባው አቀረቀረ። አውቶቡስ ሲነዳ ውሎ ቤት ውስጥ ክርክር አይወድም።

ኤፕሪል 29

አገሩ ሁሉ "ስንት ትጠብቂያለሽ?" ሆኗል። ዳቦ ልገዛ ሄጄ ለዳቦ ሻጯ የኬሚስትሪ ውጤቴን ተናዝዤ ተመለስኩ።

ሜይ 28

አያቴ እስክሪብቶዎቼን ቤተ ክርስቲያን ወስዳ አስባረከች። አራቱንም። ጥናቱንስ ማን ይባርክልኝ?

ጁን 6

ኬሚስትሪ። የመጨረሻውን ጥያቄ ሠራሁት፣ ሙሉውን። ከዚያ ቁጭ ብዬ አየሁት። ይሄ ከተቆጠረ ነጥቡ ይሞላል። ከሞላ ደግሞ አልቆልኛል... ነጭ ጋውን፣ የአጎቴ ባንኮኒ፣ ዕድሜ ልኬን የሳል ሽሮፕ።

ሰረዝኩት። የተሰረዘ አይታረምም።

እማዬ በር ላይ ትጠብቀኝ ነበር። "የመጨረሻው ከበደኝ" አልኳት። አቅፋኝ አለቀሰች። እኔ ቀለለኝ። ማታ ግን ራሴን ጠላሁት።

ጁን 27

አሥራ ስድስት ሺህ ስምንት መቶ። አጎቴ ባለፈው ዓመት መቁረጫ ነጥብ አሰላው፤ ለፋርማሲ አይበቃም። ለደን ይተርፋል። ተገላገልኩ!

ጁላይ 2

ምን ተገላገልኩ... እማዬ ሳትጠይቀኝ ፈተናውን ለከርሞ እንድደግም ማጠናከሪያ አስመዝግባኝ መጣች። "አንድ ዓመት ምን አላት? ልጄን የጣላት አንድ ጥያቄ ነው።" አጎቴ ደግሞ ትከሻዬን ይዞ፣ "አይዞሽ፣ ፋርማሲው የትም አይሄድም። እጠብቅሻለሁ" አለኝ። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። ሁለቱም ደግ ሆኑብኝ። አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ልሰርዝ?

ጁላይ 9

የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ቅጹ ነገ ይዘጋል። እራት ላይ፣ አጎቴም ባለበት ተናገርኩ። "ጥያቄው አልከበደኝም። ሠርቼው ነው የሰረዝኩት። ፋርማሲ አልፈልግም፣ ከርሞም አልፈልግም።"

አጎቴ ሳይሰናበት ወጣ። እማዬ፣ "ሠርተሽው?" አለች። "ሠርተሽው?" ሦስቴ።

አባባ ነው የተናገረው። "ቀድመሽ ብትነግሪንስ?"

"እምቢ ትሉኝ ነበር።"

"እንልሽ ነበር። እምቢ ብንልሽስ?"

ለካ እስከዚያ አስቤ አላውቅም።

ጁላይ 10

ሞላሁት። አንደኛ ደን ጥናት፣ ድንበር አጠገብ ያለችው ኦሬስቲያዳ። ከዚያ በታች ባዶ። አባባ አጠገቤ ተቀምጦ አነበበና፣ "ሩቅ ነው" ብቻ አለ።

ወጥ ቤት ገባሁ። እማዬ ዕቃ ታጥባለች። "ይቅርታ፣ ነጥቡን ስላባከንኩ" አልኳት።

ዞራም አላየችኝ። "ነጥብሽ ገደል ይግባ" አለች። "እኔ እዚያ በር ላይ አቅፌሽ ሳለቅስ፣ አንቺ ዝም ብለሽ ታስለቅሺኝ ነበር።"